ቧንቧው ሲተነፍስ

ጎረቤታችን እማማ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የግቢውን ቧንቧ ይከፍቱና ከሥሩ ባዶ የቆርቆሮ ባልዲ ያስቀምጣሉ። ውሃው በመጣ ሰዓት ባልዲው ይጮኻል፤ እሳቸው ይነቃሉ። እሳቸው ከነቁ ግቢው በሙሉ ይነቃል። አንዳንዴ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ አንዳንዴ ሊነጋጋ ሲል። ከውሃው በፊት ግን ሌላ ነገር ይቀድማል። ቧንቧው ይስላል፣ ያፏጫል፣ አየር ይተፋል፤ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ እየተቆራረጠ ይንደቀደቃል። እማማ የመጀመሪያውን ባልዲ ለመጠጥ አያውሉትም፤ ለሽንት ቤት ነው። ሁለተኛው ለልብስ ይሆናል። ጀሪካኖቹ የሚሰለፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያስተማራቸው መሐንዲስ የለም። ያደረጉት ግን መሐንዲስ የሚያደርገውን ነው፤ ያ አየር ከየት ገባ ብለው ጠይቀዋል፣ መልሱም አላማራቸውም።

የውሃ መስመር ሞልቶ ግፊት እያለው ቀዳዳ ቢኖርበት የሚያፈሰው ወደ ውጭ ነው። ውሃ ይባክናል፣ ቆሻሻ ግን አይገባም። መስመሩ ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ ሲወርድ ከኋላው ይስባል። ያን ጊዜ ሲያፈስ የነበረው ቀዳዳ ጠጪ ይሆናል። በላላ መጋጠሚያ፣ ዝገት በበላው ብረት፣ አንዱ በድብቅ በቀጠለው ላስቲክ በኩል በዙሪያው ያገኘውን ይመጥጣል። ዙሪያው ደረቅ አፈር ከሆነ አየር ያስገባል፤ እርጥብ ከሆነ እርጥቡን። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ የሚገለገለው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው፤ ብዙውም የጋራ ነው። ያረጁ ሰፈሮች ውስጥ የውሃ ቱቦው የሚያልፈው መጸዳጃዎቹ ባሉበት ጠባብ መተላለፊያ፣ በፍሳሽ ቦዩ ጎን ነው። ፈረቃ በወጣ ቁጥር፣ ውሃ በጠፋና በተመለሰ ቁጥር፣ ከተማው ሳያስበው ያንን አፈር ይጠጣል። (ቆጣሪው አየሩንም ቆጥሮ ያስከፍላል የሚለው የነዋሪ ምሬት ቀልድ አይደለም፤ በቱቦው የሚገፋ አየር የቆጣሪውን ጥርስ ያሽከረክራል።)

አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። አባባሉ ምንጭ ወርዶ ለሚቀዳ ሰው ተስማሚ ነው፤ ጥሩውን ምንጭ ከመረጠ ሥራው አልቋል። የከተማ ውሃ እንዲህ አይደለም። ከለገዳዲ ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው መንገድ ላይና ቤት ከገባ በኋላ ነው። ስለ ከተማ ውሃ ስናወራ ግን ዓይናችን አሁንም ምንጩ ላይ ነው፤ ስንት ግድብ፣ ስንት ጉድጓድ፣ በቀን ስንት ሺህ ሜትር ኩብ።

ታሪኩም በዚሁ መልክ ነው የሚተረከው። ገፈርሳ በ1930ዎቹ ተገደበ። ለገዳዲ በ1962 ዓ.ም. ገደማ መጣ፣ ድሬ በ1991 ዓ.ም. ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ፊቱን ወደ ከርሰ ምድር አዙሮ አቃቂ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፈረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ የሚሰጠው የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የጉድጓድ ውሃ ተመረቀ። በእያንዳንዱ ሪባን ተቆርጧል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩቡ ተነግሯል። አልነቅፈውም፤ እነዚህ ባይኖሩ ይህ ሁሉ ሕዝብ በጥም ያልቅ ነበር። ነገር ግን ከሚመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ደንበኛ ዘንድ ሳይደርስ ወይም ሳይከፈልበት ይጠፋል። ከዚህ ውስጥ የሚፈሰው የሚያልፍበት ቀዳዳ ያው ነው፤ ግፊት ሲኖር ውሃ የሚያስወጣው፣ ግፊት ሲጠፋ በሽታ የሚያስገባው። ስለዚህ ብክነት የሒሳብ ክፍል ጉዳይ፣ ብክለት የጤና ቢሮ ጉዳይ ተደርጎ የሚከፋፈለው አሠራር አንዱን ቀዳዳ ለሁለት መሥሪያ ቤት አድሎ ማንም እንዳይደፍነው አድርጓል ማለት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የአገሮችን የውሃ አቅርቦት በጋራ ሲከታተሉ ደኅንነቱ ተጠብቆ የቀረበ ውሃ የሚሉት ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ በተፈለገ ጊዜ ያለ፣ ከብክለት የጸዳ። በእኛ አገር በስታቲስቲክስ ኤጀንሲ አማካይነት በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት የቤተሰቦች ውሃ ናሙና ለኢ-ኮላይ ባክቴሪያ ተመርምሮ ነበር። ሦስቱንም መስፈርት አንድ ላይ ያሟላው ከከተማ ነዋሪ ከአሥሩ ወደ አራቱ ብቻ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ ሪፖርቶች ላይ የከተማ የውሃ ሽፋን ስንል የምንጠራው ቁጥር ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ውሸት አይደለም። ሽፋን የሚለው ቃል ቧንቧ መኖሩን ይቆጥራል፤ ቧንቧው ማክሰኞ ጠዋት ምን እንደሰጠ አይቆጥርም። ሌላም ነገር ታየ፤ መቀጃው ላይ ንጹሕ የነበረ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲደርስ ተበክሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያው 2008 ዓ.ም. ሌላ ነገርም ያስታውሰናል። በሰኔ አዲስ አበባ ውስጥ አተት ገባ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት የሚለው ረጅም ስም በሦስት ፊደል ታጥፎ በየሬዲዮው፣ በየቀበሌው ማስታወቂያ ላይ ተለጠፈ፤ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ አትብሉ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ ተባለ። ስሙ ራሱ ያነጋግር ነበር። ብዙ ሰው ኮሌራ ነው እያለ በሹክሹክታ ያወራ ነበር፤ በመግለጫው ላይ ግን ቃሉ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ወረርሽኙ ሲመለስ ጤና ሚኒስቴር ኮሌራ ብሎ በስሙ ጠራው። በእኔ እምነት ይህ ትንሽ እርምጃ አልነበረም። አተት የበላተኛውንና የእጁን ጥፋት ያስመስላል፤ ኮሌራ ግን ከ150 ዓመት በላይ የውሃና የፍሳሽ በሽታ መሆኑ የሚታወቅ ስለሆነ የሚጠየቀው ቧንቧ ነው።

ቧንቧ መጠየቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ጀርመን መሄድ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1892 ሐምቡርግ በኮሌራ ተመታች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከስምንት ሺህ ሰው በላይ አለቀ። ከሐምቡርግ ጋር አጥር ለአጥር የምትጎራበት አልቶና የምትባል ሌላ ከተማ ነበረች፤ እሷም የምትጠጣው ከዚያው ኤልበ ወንዝ ነው። እንዲያውም የምትቀዳው የሐምቡርግ ፍሳሽ ከሚገባበት በታች ነበር። አልቶና ግን ውሃውን በአሸዋ ታጣራ ነበር፤ ሐምቡርግ አታጣራም። የድንበሩ መንገድ ላይ አንዱ ወገን ሬሳ ሲያወጣ ማዶው ደኅና ነበር። በሐምቡርግ መሬት ላይ ሆኖ ከአልቶና መስመር የሚጠጣ አንድ የመኖሪያ ግቢም ነበር፤ ኮሌራ ዘለለው። ባክቴሪያው ተጠያቂ መሆኑን ለማሳየት ሲደክም የኖረው ሮበርት ኮኽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ላብራቶሪ ውስጥ ሊፈጥር አይችልም ነበር። የሐምቡርግን ታሪክ መራራ የሚያደርገው ግን የማጣሪያው ዕቅድ ቀድሞም መኖሩ ነው። የከተማው ነጋዴዎችና ሹማምንት ወጪውን ማን ይሸከም ሲሉ ዓመታት አለፉ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ማጣሪያው በአንድ ዓመት ውስጥ ተጠናቀቀ።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ግን ከሕንድ የመጣው ነው። በካርናታካ ግዛት ሁብሊ-ዳርዋድ በምትባል መንትያ ከተማ የተወሰኑ ሰፈሮች ያለማቋረጥ 24 ሰዓት ውሃ እንዲያገኙ ተደረገ፤ የቀሩት በየጥቂት ቀኑ በፈረቃ ቀጠሉ። ምንጩ አንድ፣ ማጣሪያው አንድ። ተመራማሪዎች ናሙና ሲወስዱ በፈረቃ ሰፈሮች ቧንቧ ውስጥ የብክለት ምልክት በብዙ እጥፍ በዝቶ አገኙ። ከጤና አንጻር ደግሞ ውሃ በማይቋረጥባቸው ሰፈሮች ታይፎይድ ቀንሶ፣ በድሃ ቤተሰቦች ልጆች ላይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቀንሶ ታየ። አጠቃላይ የሕፃናት ተቅማጥ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ይህን የመጨረሻውን ነገር መደበቅ ለክርክሬ ይጠቅመኝ ነበር፤ ሆኖም ትልቁ ትምህርት እሱ ውስጥ ነው። የልጅ ተቅማጥ በእጅ፣ በዝንብ፣ በምግብና በመጸዳጃም ይመጣል፤ ከሮታ ቫይረስም ይመጣል፤ ለዚህም ነው በ2006 ዓ.ም. ክትባቱ በአገራችን የተጀመረው። ቧንቧ ብቻውን ሁሉን አያድንም። ታይፎይድንና ኮሌራን ለመሰሉ በአንድ መስመር ሰፈር ለሚጨርሱ በሽታዎች ግን ከእሱ የሚቀድም የለም።

ስለ ታይፎይድ ካነሣን ዘንዳ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ያልተባለ ሰው ስንቱ ነው? ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በቀላሉ ያሳስታል። የከተማውን የታይፎይድ መጠን በእሱ ወረቀት መቁጠር ውሃውን ከበሽታው ጋር ማገናኘት አስቸጋሪ አድርጎታል።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ፤ ፈረቃ ሁለተኛ ጥፋት የሚያደርሰው እዚያ ነውና። ውሃ ሲጠፋ ሰው ያጠራቅማል፤ ሮቶ ያለው በሮቶ፣ የሌለው በበርሜልና በጀሪካን። ማጣሪያ ጣቢያው የጨመረው ክሎሪን እስከ ቧንቧው ጫፍ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲተርፍ ይመከራል፤ ይህ ቅሪት መንገድ ላይ ለሚገባ ጀርም እንደ ዘብ ነው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ውስጥ ግን በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ዘቡ ከሄደ በኋላ ጣሳ ይጠልቃል፣ ከጣሳው ጋር እጅ ይጠልቃል። ሮቶዎቻችን ሥር የተኛውን ደለል ያየ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታጠቡ ባይጠይቅ ይሻለዋል። የሚገርመው፣ ውሃው በረኪና በረኪና ሸተተ ብለን የምናማርረው ጤነኛ በሆነበት ቀን ነው። አፉ የጠበበ ጀሪካን ከአፈ ሰፊ በርሜል ይሻላል። የቤት ውስጥ ማከሚያ፣ እንደ ውሃ አጋር ያለው፣ በትክክል ከተለካ ይሠራል። ይሁንና አንድ ቤተሰብ በየቀኑ ጠብታ እየቆጠረ የማዘጋጃ ቤትን ሥራ ይሥራ ማለት ለወረርሽኝ ሳምንት እንጂ ለዕድሜ ልክ የሚሆን መፍትሔ አይደለም።

ሒሳቡንም እንሥራው። መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ያስቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ነው። ለአምስት ሰው 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ጀሪካን። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ያለው ቤት በዚህ ልክ ለአራት ቀን ይዘልቃል። ስድስት ጀሪካን ያላት እናት ግን ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ ለአምስት ነፍስ በቀን 17 ሊትር ገደማ አላት፤ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ምኑ ነው? ከወጡ አይቀነስም፣ ከሚጠጣው አይቀነስም። የሚቀነሰው እጅ መታጠቢያው ነው። እጃችሁን ታጠቡ የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ቤት ሲደርስ ምክር መሆኑ ይቀርና ስድብ ይሆናል። ሲያልቅባት ደግሞ ትገዛለች። አንድ ጀሪካን በ10 ብር ብትገዛ ሜትር ኩቡን በ500 ብር ገዛች ማለት ነው፤ ይህ ቆጣሪ ያለው ደንበኛ ከሚከፍለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሮቶ፣ ፓምፕና ደርዘን ሃይላንድ መግዛት የቻለው ወገን (ምርቱ ቀርቶም ስሙ አልቀረም፣ የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ ነው) ከዚህ ችግር ወጥቷል። ሲወጣ ግን ድምፁን ይዞ ወጥቷል። ስልክ ደውሎ የሚከራከረው፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው፣ ሰው የሚያውቀው እሱ ነበር። ከዋናው መስመር በቀጥታ የሚስበው ፓምፑም ጎረቤቱ ቧንቧ ውስጥ የቀረችውን ግፊት ይወስዳል። ያቺን ፓምፕ ስንገዛ ለቤታችን እንጂ ለመንደሩ ያሰብን ጥቂት ነን፤ እኔንም ጨምሮ።

ታዲያ ፈረቃ ዕጣ ፈንታ ነው? እ.ኤ.አ. በ1993 የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ከጦርነት ወጥታ ስትተነፍስ ውሃ የምታገኘው በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ነበር፤ ከምታመርተው 72 በመቶው ይፈስ ወይም ይሰረቅ ነበር። ኤክ ሶን ቻን የሚባል መሐንዲስ የውሃ መሥሪያ ቤቱን ያዘ። መጀመሪያ ግድብ አልለመነም፤ ሁሉም ደንበኛ ቆጣሪ እንዲኖረው አደረገ። አንድ ጄኔራል ቆጣሪ አላስገባም ብሎ ሽጉጥ እንደደገነበት ራሱ ይናገር ነበር። ሠራተኛ ስርቆት ሲያጋልጥ ተሸለመ፣ ሲተባበር ተባረረ። ከተማው በቀጠና ተከፋፍሎ የየቀጠናው ግፊት ይለካ ጀመር፤ ግፊት በወረደበት ቦታ የጥገና ቡድን ሌሊትም ቢሆን ይደርሳል። ታሪፉ በደረጃ ጨመረ፣ ድሆች ግን ለመስመር ማስገቢያ ድጎማ አገኙ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ ውሃው ቀንም ሌሊትም ነበር።

እኛ ካምቦዲያ አይደለንም የሚል መልስ እሰማለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ፕኖም ፔን ሜዳ ላይ፣ ትልልቅ ወንዞች መገናኛ ላይ ነው የተቀመጠችው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በእንጦጦ ተረተር ሥር ነው፤ ከላይ ጫፍ እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ልዩነት ከመቶዎች ሜትር ይዘላል። የጉድጓዱ ውሃ በብዛት ያለው ደቡብ ዝቅታው ላይ ነው፤ ብዙ ጠጪ ደግሞ ሰሜን ከፍታው ላይ አለ። ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው መብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ታች ያለው ሰፈር በግፊት ብዛት ቱቦው ይፈነዳል፣ ላይ ያለው ደግሞ ይደርቃል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጎንደርም የራሷ መከራ አላት፤ አንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቶ፣ የመገጭ ግድብም ለዓመታት ሲጠበቅ ቆይቶ፣ ፈረቃው ከሳምንት ያለፈበት ጊዜ አለ። በእነዚህ ቦታዎች ተጨማሪ ምንጭ ያስፈልጋል፤ ክርክር የለውም።

ክርክሩ ያለው በቀዳዳ ቱቦ ላይ ተጨማሪ ምንጭ ሲጨመር ነው። ሲሶው በሚጠፋበት መስመር መቶ ሺህ ሜትር ኩብ ቢገባ ሠላሳ ሦስት ሺህ ያህሉ ደንበኛ ዘንድ ሳይደርስ ወይም ሳይከፈልበት ይቀራል፤ እሱንም ለመግፋት መብራት ተከፍሎበታል። ከዚህ ይልቅ ጥቂት ቀጠናዎች ተመርጠው፣ ያውም ኮሌራ የሚደጋገምባቸው የወንዝ ዳር ሰፈሮች ቀድመው፣ መስመራቸው ተቀይሮ መቼም እንዳይደርቅ ማድረግ ይቻላል። ሕንዶቹ የጀመሩት በተወሰኑ ሰፈሮች ነው። አስፋልቱ ለኮሪደር ልማት በሚቆፈርበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ከዚህ የረከሰ ዕድል አይገኝም፤ ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሯል። የፍሳሹም ጉዳይ አብሮ ነው የሚሄደው። የቃሊቲ ማጣሪያ በ2010 ዓ.ም. ገደማ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ተስፋፍቷል፤ ነገር ግን በየመንደሩ ያለው መጸዳጃ ከመስመሩ ጋር እስካልተገናኘ ድረስ ያ አቅም የቀበናንም የግንፍሌንም ወንዝ አያጸዳም።

ምንም ሳይገነባ ነገ የሚቻል ነገርም አለ። የፈረቃ ሰሌዳ ቀን ይናገራል፤ ሰዓቱንም ይናገር። ከሰዓቱ አጠገብ በየወረዳው ቧንቧ ጫፍ የተለካው የክሎሪን ቅሪት ይጻፍ፤ መለኪያው ከኪስ የማይበልጥ ዕቃ ነው፣ ውጤቱም በደቂቃ ይታያል። በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ከሜትር ኩቡ በፊት ስንት ሰፈር ስንት ሰዓት መስመሩ ሞልቶ እንደዋለ ይነገር። ቁጥሩ መጀመሪያ ያሳፍራል፤ የፕኖም ፔኑም 72 በመቶ ያሳፍር ነበር።

ይህን ስጽፍ ክረምት ነው። ለገዳዲ ሞልቷል፣ ድሬ ሞልቷል፤ በዓመት ውስጥ ውሃ እንደዚህ የሚተርፍበት ወር የለም። አፈሩም እንደዚህ የሚጠግብበት ወር የለም። የጎርፍ ቦዩ ሞልቶ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ሥር ያለው ቱቦ ፈረቃው ሲያልቅ ባዶውን እዚያ ጭቃ ውስጥ ይተኛል። እማማ በበጋ የሚደፉት አንድ ባልዲ ነው። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ግን ሁለት ይደፋሉ።